ሁዳዴ ላይ የተደገሰው ሰርግ

እፀገነት መኳንንት የምትኖረው በውሸት ነው። እንደ እሷ እውነተኛ ሰው ግን ኮልፌ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የማካሮኒ ማስታወቂያ ስትሠራ ከሳህኑ የሚወጣው እንፋሎት የማካሮኒው አይደለም፤ ከሳህኑ ጀርባ የተሸጎጠ፣ በፈላ ውሃ የተነከረ ጥጥ ነው። ወተቱ ነጭ ኮላ ነው። በረዶው ፕላስቲክ ነው። የሻምፖ ማስታወቂያ ላይ ፀጉሯ እንደ ፏፏቴ ለሚወርደው ቆንጆ ከኋላዋ ሁለት ጎረምሶች በካርቶን ያራግቡላታል። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኖቿ አዲስ ነገር ያየች ይመስል ይበራሉ። «እውነቱ ካሜራ ፊት ያፍራል፤ እኔ የማደርገው ልብስ ማልበስ ብቻ ነው» ትላለች።

ያደገችው አጠና ተራ አካባቢ ነው። አባቷ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር ሚኒባስ ይነዱ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ሲኒማዋ የታክሲው የፊት መስታወት ነበር። ጋቢና ተቀምጣ ከተማው ወደ እሷ ሲሮጥ ታያለች። አባቷ ፍሬን ሲይዙ ፊልሙ ይቆማል፤ ረዳቱ በሩን ደብደብ ሲያደርግ ይቀጥላል። ካደገች በኋላ የሰው ሰርግ ቀረጸች፣ ከሰርጉ ወደ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው ወደ ሙዚቃ ክሊፕ ተሻገረች። ክሊፕ ላይ ደግሞ ሌላ ተአምር አለ። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ታስከፍትና ዘፋኙ ከንፈሩን እያጣደፈ ይከተላል፤ ቦታው ላይ የቆመ ሰው አይጥ የምትዘፍን ይመስለዋል። በኋላ ምስሉ ሲዘገይ ግን ያው ሰው ደመና ላይ እንደሚራመድ ሆኖ ይንሳፈፋል። አንድ ዘፋኝ በጥር ወር «አደይ አበባ መሐል ካልሆንኩ አልዘፍንም» ብሎ ድርቅ አለ። እፀገነት ከዓለም ባንክ ወዲያ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ የጨርቅ አበባ ተከለችለት። መሐል ላይ ከየት መጣ የማይባል በግ ገብቶ አበባውን ያኝክ ጀመር። አላባረረችውም። ክሊፑን ያየ ሰው ሁሉ ዘፋኙን ረስቶ በጉን ወደደ።

ችግሩ ፊልም ነው። እፀገነት የምትፈልገው ፊልም ነበር፤ ለዚያ ግን የሚያምናት ጠፋ። የማስታወቂያ ሰዎች «ክሊፕ አበዛሽበት» ይሏታል። የክሊፕ ሰዎች «ማስታወቂያ አስመሰልሽው» ይሏታል። የፊልም ሰዎች ደግሞ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ሰው ሁለት ሰዓት ቁጭ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይሸኟታል። ስክሪፕቷን በቦርሳዋ ይዛ ስትዞር ወረቀቱ ጠርዙ እንደ ቂጣ ጠቆረ።

ያመኗት፣ ማለት ግማሽ ያመኗት፣ ጋሽ የኔሰው ናቸው። ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ልኳንዳ ያላቸው ሰው ናቸው። ክሊፑን በስልክ አይተው አስጠሯት።

«በጉን ማን አስገባው?»

«ራሱ ገባ፣ ጋሼ።»

«ለምን አላስወጣሽውም?»

«ያምር ነበራ።»

ጋሽ የኔሰው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በግ የሚያውቅ ሰው ሳቅ። ስክሪፕቱን ወሰዱና አነበቡ። ታሪኩ በአንድ በሬ ምክንያት የተኳረፉ የሁለት ልኳንዳ ነጋዴዎች ነው፤ የአንዱ ወንድ ልጅ የሌላውን ሴት ልጅ ያገባል። ሰርጉ ልኳንዳው ውስጥ ይደገሳል፤ ሁለቱ አባቶች ከአንድ ብርንዶ በአንድ ቢላ እየቆረጡ፣ እየተጎራረሱ ይታረቃሉ። ጋሽ የኔሰው የሙሽሪትን አባት ራሳቸው ካልሠሩ ገንዘቡን እንደማያወጡ ተናገሩ። «በልኳንዳዬ ውስጥ ሌላ ሰው ቢላ አይዝም» አሉ። ቀጥለውም ቁም ነገሩን አስቀመጡ፦ «አንድ ቀን ልይሽ። የሰርጉን ቀን ቅረጪ። ከጣመኝ ፊልሙን እስከ መጨረሻው እናወጣዋለን። ካልጣመኝ ግን እንደ ጎረቤት ሰላም እየተባባልን እንኖራለን።»

«መቼ ይሁን?»

«ልኳንዳው ሥራ ሲፈታ ነዋ። ሁዳዴን ሙሉ ዝግ ነኝ፤ እንደፈለግሽ ተንፈላሰሺበት።»

«እሰይ» አለች እፀገነት። ሁለት ጿሚዎች በሙሉ ልብ ተጨባበጡ።

ቀኑ ደረሰ። ልኳንዳው በአበባና በነጭ ጨርቅ አጌጠ። ወንበሩ ተደረደረ፤ ሙሽሮቹን የሚሠሩት ወጣቶችም ቦታቸውን ያዙ። የሰፈሩ እናቶች የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በእትዬ ዋጋነሽ መሪነት፣ እውነተኛ ሰርግ እንደተጠሩ ሁሉ በጠዋት ገቡ። የሙሽራውን አባት የሚሠሩት ጋሽ ወልደሰንበት፣ በወጣትነታቸው ቴአትር የሠሩ ጡረተኛ፣ ከዘራቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቃላቸውን ያነበንባሉ። እፀገነት መሐል ላይ ቆማ ዙሪያውን በደስታ አየች።

ካሜራማኗ ኤልናታን ከካሜራው ጀርባ ብቅ አለ። «ሥጋው የት ነው?»

«የምን ሥጋ?» አሉ ጋሽ የኔሰው።

«የሰርጉ።»

ውጭ አንድ ረዳት «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ፣ የሞላ» እያለ አለፈ። ጋሽ የኔሰው እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ግንባራቸው ወሰዱና አማተቡ።

«በሁዳዴ?»

«ጋሼ፣ ስክሪፕቱን አንብበውት የለም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። ሳነበው ፋሲካ ፋሲካ ሸተተኝ እንጂ ቀኑ ትዝ አላለኝም። አንቺስ? ራስሽ ጽፈሽው?»

«እኔ የጻፍኩት በጥቅምት ነው።»

ኤልናታን ሳቁን ለመደበቅ ሌንስ መጥረግ ጀመረ። ልኳንዳው የተገኘው ስለተጾመ ነው፤ ስለተጾመ ደግሞ አራጁም፣ ሥጋውም፣ በላተኛውም የለም። ይህን ሁሉ ሳምንት በአበባው ቀለም ሲከራከሩ የከረሙ ሰዎች አንዳቸውም ይህን አላሰቡም።

«ከየትም ተፈልጎ ቢመጣስ?» አለ ኤልናታን።

እትዬ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ ሥጋ ይዤ ፊልም ላይ ልታይ? የነፍስ አባቴ ቢያዩኝስ?»

«ፊልሙ የሚወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እግዚአብሔርም ከፋሲካ በኋላ ነው የሚያየው?»

ኤልናታን ዓይኑን በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ወደቆመችው አልማዜ አዞረ። አልማዜ ከልኳንዳው አጠገብ ፍራፍሬ ቤት አላት። ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው ኮልፌ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ሁዳዴን አይጾሙም።

«አልማዜዬ፣ እናንተ ብሉልና።»

«እኛማ እንበላ ነበር። ግን እትዬ ዋጋነሽ ቁጭ ብለው እያዩኝ ሥጋ ጎርሼ ነገ ሙዝ ለማን ልሸጥ ነው?»

«አየህ» አሉ እትዬ ዋጋነሽ፣ «አልማዜ እንኳ ከአንተ ትሻላለች» ብለው ኤልናታንን ገላመጡት።

ጋሽ የኔሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «በይ እንግዲህ፣ እፀገነት። አልሆነም። እንደ ጎረቤት...»

ዓረፍተ ነገሩ ሳይጨረስ እፀገነት ወደ ውጭ ወጣች። ዓረፍተ ነገሩ ከተጨረሰ ፊልሙም ማለቁ ነው። ምን እንደምትፈልግ ሳታውቅ የአልማዜ ፍራፍሬ ቤት ፊት ቆመች። አልማዜ ገዢ እንዲስብላት መሐል ለመሐል ሰንጥቃ የምታስቀምጠው ሐብሐብ አለ። ፀሐይ አርፎበት ነበር። ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ ቀይ፤ በቀዩ ዙሪያ ደግሞ ወፍራም ነጭ።

«ጮማ አለው» አለች እፀገነት።

«ማን?» አለች ከኋላዋ የመጣችው አልማዜ።

«ሐብሐቡ። እዪው እስቲ። ጮማ አለው።»

አልማዜ አየች። አንገቷን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበለች። ስትሸጠው የኖረችውን ሐብሐብ ገና ያን ቀን እንደተዋወቀችው ሆነች። «ወይ ጉድ» አለች በቀስታ፣ «የጎድን ሥጋ ይመስላል።»

ከዚያ በኋላ ልኳንዳው ንብ የገባበት ቀፎ ሆነ። አረንጓዴው ልጣጭ ይገፈፋል፣ ነጩ ይቀራል። እናቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጥቁሩን ፍሬ በስንጥር እየለቀሙ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየ የሚለውን ያነሳሉ። ኤልናታን ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ ቀይ ቀለም ቀባና መንጠቆው ላይ ሰቀለ። ቀለሙ ስላልደረቀ ይንጠባጠባል፤ ሲንጠባጠብ ይበልጥ ሥጋ መሰለ። ጋሽ የኔሰው ብቻ ራቅ ብለው ቆሙ። «ሐብሐብ ሥጋ አይሆንም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ደግሞ ሻኛ እንዲህ ነው እንዴ የሚቆረጠው?» ትንሽ ቆይተው፣ «አምጪ ቢላውን።» ነጭ ጋዋናቸውን ለበሱ። «ለሐብሐቡ ብዬ አይደለም፤ ለቤቱ ክብር ነው» አሉና ሐብሐቡን አገላብጠው፣ በጣታቸው መትተው፣ ብልት ያወጡለት ጀመር።

ልምምድ ሆነ። ጋሽ የኔሰው ቆረጡ፣ አዋዜ ነከሩ፣ ጉርሻውን ወደ ጋሽ ወልደሰንበት አፍ ላኩ። ጋሽ ወልደሰንበት ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ምነው?» አለች እፀገነት።

«ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ገና ስድስት አልሆነም።»

«እንግዲያው አልጎርስም። እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ሐብሐብ እኮ ነው።»

«ሐብሐብ መቼ ነው ምግብ መሆኑ የቀረው?»

እፀገነት ዙሪያዋን አየች። እናቶቹ ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ጋሽ የኔሰውም። ያኔ የራሷ ሆድ ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ ሐብሐብ ስትልጥ እጇን እንኳ ሳትልስ የቆየችው እሷም ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቀች መሆኑ ትዝ አላት። ሳቀች። «እሺ፤ አሁን በባዶ እንለማመድ፤ የምንቀርጸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለች።

ያንን በባዶ ሲለማመዱ ነው ነገሩ የመጣው። መንገዱ ተጨናንቆ አንድ ሚኒባስ በልኳንዳው መስታወት ትይዩ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወደ ውስጥ አዩ፦ ነጭ ጋዋን፣ ቢላ፣ መንጠቆ፣ ቀይ። ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ጦር ኃይሎች ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ የልኳንዳው ደጃፍ በሰው ሞላ፤ ግማሹ ከቤተ ክርስቲያን የጠዋት ጸሎት የሚመለስ፣ ነጠላውን የተከናነበ። ከፊት የቆመ አንድ ረጅም ሰው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነበር።

«ጋሽ የኔሰው፣ ለሌላው ዝግ፣ ለዘመድ ክፍት ነው እንዴ?»

«ሰርግ ነው አሉ» አለች ከኋላው አንዲት ሴት።

«በሁዳዴ ሰርግ? ያውም በጥሬ ሥጋ?»

«ሙሽራው ፈረንጅ ይሆናል።»

የጋሽ የኔሰው ፊት አመድ መሰለ። ሰዉ ሁሉ ደንበኛቸው ነው፤ በፋሲካ ዋዜማ ከደጃቸው የሚሰለፈው ይኸው ሕዝብ ነው። ቢላውን አስቀመጡ። «መብራትሽን አጥፊ፣ እፀገነት። ስሜን በፊልም አልሸጥም።»

«ሐብሐብ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ለዚህ ሁሉ ሰው ማን ያስረዳ?»

እፀገነት ትሪውን አንስታ ወጣች። «ሐብሐብ ነው» አለች። «ቅመሱት።»

ሰዉ በአንድነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ዘጠኝ አልሆነም» አለ ረጅሙ ሰው።

አልማዜ እየተጋፋች መጥታ አንድ ቁራጭ ጎረሰች። «ይኸው፣ ሐብሐብ ነው።»

«አንቺማ ምን ቸገረሽ። ሥጋም ቢሆን ትበያለሽ።»

ሰዉ ሳቀ፤ አልማዜም አፏ ሞልቶ ሳቀች። ረጅሙ ሰው ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «አዋዜ አዋዜ ይላል» ብሎ ለሕዝቡ አስታወቀ፤ ሕዝቡም በምስክርነቱ ተንጫጫ። እፀገነት ትሪውን እንደያዘች ሳቋ አመለጣት። ሊያጣሩ የመጡት በሙሉ ማጣራት አይችሉም፤ የሚችለው አይታመንም። ዘወር ብላ ጋሽ የኔሰውን አየቻቸው።

«እስከ ዘጠኝ ይስጡኝ። ያኔ ራሳቸው ይቅመሱ። ሥጋ ሆኖ ከተገኘ ፊልሙንም እኔንም ይተዉን።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «እናንተም አትመኑኝ። እስከ ዘጠኝ የሚቆይ ይግባና ይቀመጥ። ሰርግ ነው፤ ሰው ጎድሎብናል።»

ጋሽ የኔሰው መብራቱን አላጠፉም።

ሰዉ ተያየ። አዲስ አበባ ውስጥ ነገር ሊጣራ ሲል ጥሎ የሚሄድ ሰው አልተፈጠረም። ረጅሙ ሰው ቀድሞ ገባ፤ ኤልናታን ፊቱን ወዶት ኖሮ ከሙሽሮቹ አጠገብ አስቀመጠው። ሌሎቹም ተከተሉ። የገባው ሕዝብ ተከፍሎት ከሚመጣ አጃቢ ይበዛ ነበር፤ ደግሞ ማንም «ካሜራውን አትዩ» ማለት አላስፈለገውም፣ ሁሉም የሚያየው ትሪውን ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በማስታወቂያ ሥራ አይጠበቅም፤ ደንበኛው ሰዓቱን እያየ ይቆማል። በክሊፕም አይጠበቅም። እፀገነት አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ሰው ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል አየች። የአዋዜው ሽታ በየአፍንጫው ይዞራል። አንዱ ምራቁን ይውጣል፣ ሌላው ሲውጥ አይቶ ይውጣል። እትዬ ዋጋነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ግን በአንድ ዓይናቸው ሐብሐቡን ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ በበሩ ገባች፤ ነጩን ጨርቅ ወርቅ ቀባችው፣ የሰውን ሁሉ ጉንጭ ነካች። እንዲህ ያለ ብርሃን በመብራት ለመሥራት ስንት ቀን ደክማ ታውቃለች። አሁን ቁጭ ብላ ሳለች መጣላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቅዳሴው ማብቂያ ደወል ከወዲያ ማዶ ተሰማ።

«ኤልናታን» አለች በሹክሹክታ፣ «ጀምር።»

ጋሽ የኔሰው አማተቡ፤ ቤቱ ሁሉ አማተበ። ይህ ስክሪፕቱ ላይ አልነበረም። አልማዜ ያመጣችውን አዲስ ሐብሐብ ቆረጡ፣ አዋዜውን ጠቀስ አደረጉ፣ ፈታኝ የሆነች ትልቅ ጉርሻ አድርገው ጋሽ ወልደሰንበትን አጎረሱ። ጋሽ ወልደሰንበት ቀኑን ሙሉ ባዶ በሆነ ሆዳቸው ላይ ያንን ቀዝቃዛ ጣፋጭና ያንን እሳት በአንድ ላይ ዋጡ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥራል። መጀመሪያ ገነት ታየ፣ ቀጥሎ ሲኦል፣ ከዚያ ሁለቱ ታረቁ። እንባቸው ወረደ። ያጠኑት ቃል በሙሉ ጠፋቸው። ቢላውን ተቀብለው፣ ቆርጠው፣ አብዝተው ነክረው፣ ለጋሽ የኔሰው መለሱላቸው። ጋሽ የኔሰው ጎረሱ። የእሳቸውም እንባ ወረደ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየመታ፣ ተንሰቀሰቁ። ግማሹ ሳል ነበር፤ የቱ ሳል የቱ እርቅ እንደሆነ የሚለይ ሰው ግን አልነበረም።

ትሪው ወደ ሰዉ ዞረ። ረጅሙ ሰው ጎረሰ፣ አኘከ፣ ቆመ። «ሐብሐብ ነው፣ ወገን» አለ፤ በሕይወቱ ትልቁን የምስራች እንደሚያበስር ሰው። ኤልናታን ደንግጦ እፀገነትን አየ፤ እሷ በእጇ «ተወው» አለችው፣ ድምፁን በኋላ ማውጣት ይቻላል። እትዬ ዋጋነሽ እልልታ አመለጣቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ደገሙት፤ ቤቱ ተከተላቸው። እፀገነት «ካት» ማለቱን ረሳች። ካሜራው ባትሪው አልቆ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ረሳች።

ባትሪ ቀይረው፣ በትንሿ ስክሪን ፊት ተሰበሰቡ። ጋሽ የኔሰው ራሳቸውን አዩ። «ድገሚው» አሉ። ደገመችው። ትከሻቸው ላይ ረጅሙ ሰው አጎንብሶ ያያል።

«ሥጋ ይመስላል» አለ።

«ሐብሐብ ነው» አለችው አልማዜ።

«አውቃለሁ፣ በልቼዋለሁ። ግን ሥጋ ይመስላል።»

እፀገነት ፍርዱን ከጋሽ የኔሰው ፊት ላይ ለማንበብ ሞከረች፤ ፊታቸው ግን ከአዋዜው የተነሣ እንደ ቲማቲም ስለቀላ ምንም አይነበብበትም። እትዬ ዋጋነሽ መጥተው የጋዋኑን ጫፍ ያዙ። ጋዋኑ በአዋዜ፣ በስፖንጁ ቀለምና በሐብሐብ ውሃ ዥንጉርጉር ሆኗል።

«ጋሽ የኔሰው፣ ያውልቁትና ልዘፍዝፈው፣ እድፉ ሳይደርቅበት።»

ጋሽ የኔሰው የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ሁለተኛውን ፈቱ። ቆም አሉ።

«የነገው ቀረጻ ከዚሁ ሰርግ ነው የሚቀጥለው?»

«የነገው?» አለች እፀገነት።

«አዎ፣ የነገው። ነገ አትሠሪም እንዴ?»

«ከዚሁ... ከዚሁ ነው የሚቀጥለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይታጠብም» አሉና ቁልፎቹን መልሰው ቆለፉ። «ዛሬ የቆሸሸ ሰው ነገ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ሰዉ ምን ይላል?»

የእፀገነት እጅ ትሪው ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራጭ አገኘ፤ አዋዜው ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ሐብሐብ በአዋዜ የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ለማንም አይመከርም። እንባዋን እየጠረገች ወደ አልማዜ ሱቅ ሄደችና ሌላ አስቆረጠች።